ገነቴ የኮበለለችበት ማክሰኞ

ገነቴ ኮበለለች ተባለ።

ወሬው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሆሳዕና ከተማ ካለው ከከማል ሻይ ቤት ሲወጣ ቀጭን ነበር፤ «ገነቴ በሰይድ መኪና ስትሳፈር ታየች» ከማለት ሌላ ሥጋ አልነበረውም። ሀቢቾ ሲደርስ ሰይድ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው አቅፏት ነበር። ዶዮገና ላይ ሳቃቸው ከመኪናው ጩኸት በላይ ይሰማ ነበር። ዳምቦያ ገበያ ሲገባ ደግሞ ገነቴ ሰማኒያ ዓመት ያለፋቸውን አማቷን ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ እንደ ተረሳ ጃንጥላ ጥላ፣ የሰፈሩን ሴቶች ቅቤ በሙሉ ጭና፣ ሻሸመኔ ላይ ምግብ ቤት ከፍታ፣ የወርቅ ጥርስ አስተክላ ነበር። ሐሙስ ወሬው ሆሳዕና ተመልሶ ሲገባ ከመወፈሩ የተነሳ በከማል በር በጎን ነው የገባው። ምግብ ቤቱም ፎቅ ሆኗል።

ለማመን ግን ያስቸግራል። ሰይድ የሚነዳት ኤንትሬ ዳገት ስታይ የምታስል፣ ቁልቁለት ስታይ የምትንቀጠቀጥ የጭነት መኪና ናት። ሰይድ ከነዳት ይልቅ የገፋት ይበዛል። በሁለት እጁ ይዟትም ቀጥ ብላ አትሄድለት፤ በአንድ እጁ ነድቶ በሌላው ሴት ማቀፍ ከየት ይመጣል? ገነቴም ብትሆን በስድስት ዓመት ውስጥ ከቤቷ እጅግ የራቀችው እስከ ቦኖ ውሃው ድረስ ነው። መቶ ሰማኒያ እርምጃ ይሆናል፤ እሷ ስለምትሮጠው መቶ ሃያ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የአማቷ የአባባ ሎምበሶ እጅ አለ። ከዚያ እጅ አምልጦ ሻሸመኔ የደረሰ ሰው የለም። ቦኖው ጋ የደረሰም ጥቂት ነው።

ነገሩ ከ1969 ዓ.ም. ይጀምራል። የገነቴ ባል ተረፈ በዚያ ዓመት ከሚሊሻው ጋር ወደ ኦጋዴን ዘመተ። ሊሄድ ሲል አባቱን ከሀቢቾ አምጥቶ፣ «አባባ፣ ቤቱን ይጠብቁልኝ» ብሎ ገነቴ ዘንድ አስቀመጣቸው። ከጅጅጋ አንድ ደብዳቤ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የለም፤ ሞተ የሚል ወረቀትም የለም። አባባ ሎምበሶ ጥቂት ወር ያህል ቤቱን በደንብ ጠበቁ። ከዚያ ሐሳባቸው ቀስ እያለ ይሸሻቸው ጀመር። መጀመሪያ የቀኑ ስም ጠፋቸው፤ ቀጥሎ የጎረቤቱ፤ ቀጥሎ የገነቴ። የልጃቸው ስም ብቻ ቀረ።

በወጣትነታቸው በሬ በቀንዱ ይዘው የሚያቆሙ ሰው ነበሩ። ከጉልበታቸው፣ ከወገባቸው፣ ከዓይናቸው የሸሸው ኃይል ሁሉ ከአገር አልወጣም፤ ቀኝ እጃቸው ላይ ሄዶ ሰፍሯል። ነቅተው ሳሉ የአንድ ሰው እጅ አንጓ መያዝ አለባቸው። ካልያዙ ይጮኻሉ፤ ሲጮኹ እስከ ገበያው ድረስ ያሉ ውሾች ይመልሱላቸዋል። ከያዙ ደግሞ ሕፃን የሆኑ ያህል ጸጥ ይላሉ፤ በየሩብ ሰዓቱ አንዲት ጥያቄ ብቻ ናት ያለቻቸው።

«ተረፈ መጣ?»

«ነገ ይመጣል፣ አባባ።»

«ነገ?»

«ነገ።»

እንቅልፋቸው የሬዲዮ ዜና አርእስት ያህል ነው። ገነቴ ውሃ የምትቀዳው፣ የምትታጠበው፣ እንጨት የምትፈልጠው በዚያ አርእስት መሃል ነው፤ ዝርዝሩ ሳይጀመር መመለስ አለባት። የቀረውን ሁሉ በግራ እጇ መሥራት ተማረች። በግራ እጇ ታበስላለች፣ በግራ እጇ ጸጉሯን ታበጥራለች፣ በግራ እጇ ክር በመርፌ ታስገባለች። የቀኝ እጇ አንጓ ብዙ ሰው እንደሚከፍተው በር እጀታ ያብለጨልጭ ነበር።

ዱሮ ከቦኖው አጠገብ ባለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ እየጠረገች ደወል ትደውል ነበር። አማቷ ሲይዟት ሥራውን ተወችው፤ ጆሮዋ ግን አልተወውም። ከቤቷ ሆና ደወሉን ትሰማለች። «ዘገየ» ትላለች ለራሷ። «አሁን ደግሞ ሁለቴ ደገመው፤ ምን ነካው ይሄ ሰውዬ!» ከዓለም ጋር የቀራት ጠብ ይኸው ነበር።

በሰፈሩ ስምንት ሴቶች ያሉበት ዊጆ አለ። ዊጆ ማለት ሴቶቹ በየሳምንቱ ከላማቸው ቅቤ እየቀነሱ አንድ ላይ አድርገው፣ ተራው ለደረሳት ለአንዷ የሚሰጡበት ማኅበር ነው። ወንድ አይገባበትም፤ የወሰደች ትመልሳለች፤ የቀረች ትወጣለች። ቅቤዋን በሰው እየላከች የኖረችው ገነቴ ሦስት ሳምንት በተከታታይ ቀረች። በአራተኛው ሳምንት ሰባቱ ሴቶች ሊያስወጧት ተሰልፈው ቤቷ መጡ። ፊት የመጣችው ጵርስቅላ ነበረች፤ ምላሷ ከሰውነቷ ቀድሞ በር የሚገባ ጎረቤት ናት።

«ገነቴ! ንቀሽን ነው ወይስ ቅቤው ሸተተሽ?» ብላ ጀመረች። ከዚያ የገነቴን አንጓ የያዘውን እጅ አየች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የያዙሽ?» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«ዛሬ ነው? ከጠዋት ጀምሮ።»

«ዛሬን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

ገነቴ በግራ እጇ በርጩማ አቀረበችላት። ጵርስቅላ ተቀመጠች፤ የራሷን አንጓ አስጠግታ፣ የሽማግሌውን ጣቶች አንድ በአንድ ከአንዱ ወደ ሌላው አሻገረች። «ሂጂ፣ ትንሽ ወጣ በይ» አለቻት። ገነቴ ወጥታ እደጁ ቆመች። ወዴት እንደምትሄድ ስላላወቀች እዚያው ቆማ ተመለሰች።

የመቀመጥ ዊጆ የተጀመረው በዚያን ቀን ነው። ለካ ከስምንቱ ሴቶች ቤት አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ ወይም አሮጊት የሌለበት አንድም ቤት የለም። የከማል ሚስት ዘሀራ ከወገባቸው በታች የማይንቀሳቀሱ እናት አሏት። ጵርስቅላ ደግሞ ጆሯቸው የደከመ፣ ስድባቸው ግን ያልደከመ አማት አሏት። «ቅቤ ስናዋጣ ኖረን የለ?» አለች ጵርስቅላ። «አሁን ደግሞ መቀመጥ እናዋጣ።» በየሳምንቱ ተራው ለደረሳት አንድ ከሰዓት በኋላ ይሰጣታል፤ ሰባቱ ሴቶች የእሷን ሰው ይከፋፈላሉ።

ያምራል። ገነቴ ግን በጣቷ ስታሰላው ሌላ ነገር ታያት።

«በስምንት ሳምንት አንድ ከሰዓት ነፃ ልወጣ ነው። ሰባቱን ሳምንት ደግሞ በእናንተ ሰዎች ልታሰር ነው።»

«እስር ቤት መቀየርም ዕረፍት ነው፣ እቴ» አለች ጵርስቅላ።

መቀየሩም አልሆነላትም። ከአባባ ሎምበሶ መለየት ስለማትችል የሌሎቹ ሰዎች ወደ እሷ ይመጡ ጀመር። ግራ እጇ ነፃ መሆኑን ዊጆው አየዋ! ቀኟን ለአማቷ ሰጥታ፣ በግራዋ የዘሀራን እናት ታጎርሳለች፤ በዚያው መሃል የጵርስቅላ አማት ከጥግ ሆነው ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎችን ይሳደባሉ። የምታመልክበትን ጸሎት ቤት መንግሥት ካሸገው ወዲህ ገነቴ መዝሙሯን በአፍንጫዋ ብቻ ነበር የምታዜመው፤ በእነዚያ ከሰዓቶች ግን አፍንጫዋም ሥራ ይፈታ ነበር።

ያም ሆኖ በስምንት ሳምንት አንዴ አንዲት ከሰዓት ነበረቻት። በመጀመሪያዋ ተኛች። በሁለተኛዋም ተኛች። በሦስተኛዋ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሄዳ ደወሉን ከቅርብ ሰማችው።

በ1975 ዓ.ም. አንድ ሐሙስ፣ የዘሀራ ወንድም ሰይድ መኪናውን አቁሞ በአጥሩ ላይ ተጣራ።

«እትዬ ገነቴ! ጣቢታ ወለደች! ወንድ ነው!»

ጣቢታ የገነቴ አንዲት ልጅ ናት፤ ዳምቦያ ኤሊያስ የሚባል አስተማሪ አግብታለች። ገነቴ በአንድ እጇ ማጨብጨብ ስለማይቻል ጭኗን መታች።

«ጤና ናት?»

«ጤና ናት፤ ግን አስቸግራለች። ቅቤ ሊያደርጉላት ሲሉ ‹እናቴ ካልመጣች አናቴን ማንም አይነካም› ብላ ሻሿን ጠምጥማ ተኝታለች። ደግሞ...» ሰይድ ቆቡን አወለቀ። «ኤሊያስ ወደ ኢሉባቦር ተዛውሯል። የዛሬ ሳምንት ሐሙስ ጓዛቸውን ጭነው ይሄዳሉ።»

ዳምቦያ ሩቅ አይደለም። ኢሉባቦር ግን ለገነቴ ከጨረቃ ይርቅ ነበር፤ ጨረቃ ቢያንስ ከግቢዋ ሆና ትታያታለች። እስከ ረቡዕ ካልሄደች ልጇንም የልጅ ልጇንም መቼ እንደምታይ የሚያውቅ የለም። ለመሄድ ደግሞ አንድ ከሰዓት አይበቃም፤ ሁለት ቀን ያስፈልጋል።

ዊጆው በዚያው ዕለት ተሰበሰበ። ሁለቱን ቀን ለሰባት ተከፋፈሉት። የሳምንቱ ቅቤ የትርፊት ተራ ነበር፤ ትርፊት «ለአራሷ ይሁን» አለች። የሰው ራስ የሚያህል ቅቤ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ገነቴ ቤት ተሰቀለ። ሁሉም ነገር ተዘጋጀ። የቀረው የይለፍ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜ ያለ ቀበሌ ይለፍ ኬላ ማለፍ አይቻልም።

ጵርስቅላ ማመልከቻውን ይዛ ሄደች። ሊቀመንበሩ ጓድ አክሊሉ ከአብዮቱ በፊት የመጋዘን ኃላፊ ነበር። ዓለምን ሁሉ አሁንም በመጋዘን ዓይን ነው የሚያየው፤ በግቢው የበቀለውን ዛፍ ሳይቀር ቁጥር ጽፎበታል።

«አመልካቿ ስትሄድ ሽማግሌውን ማን ይረከባል?» አላት።

«እኛ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ዊጆዎቹ።»

«ዊጆ የተመዘገበ ድርጅት ነው?»

«እናቴ ሳትወለድ የነበረ ነው።»

«አልተመዘገበም ማለት ነው። ስምንት ሴቶች በተራ ከቤት ቤት ይዘዋወራሉ የሚል ጥቆማ አለኝ። መዝሙር አለበት?»

«ቅቤ ነው ያለበት።»

ጓድ አክሊሉ እርሳሱን አስቀመጠ። «ያለ ተረካቢ ርክክብ የለም፤ ያለ ርክክብ ይለፍ የለም። ተረካቢ ለመሆን ተመዝገቡ። ለመመዝገብ ጠቅላላ ስብሰባ ያስፈልጋል። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት፣ ስምንታችሁም፣ በአካል። የቀረች የቀበሌ ሱቅ ካርዷ ይታገዳል። ሊቀመንበርም ትመርጣላችሁ። እኔ በበኩሌ ገነቴን አስቤአለሁ። ሁልጊዜ ቤቷ ትገኛለች።»

«የኮሚቴ ሊቀመንበር ከቀበሌው መውጣት ትችላለች?»

«በበላይ አካል ፈቃድ።»

«ፈቃዱ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ካልጠፋ፣ ሁለት ወር።»

ገነቴ ይህን ስትሰማ ቅቤውን ቀና ብላ አየችው። ከጥቅሉ አንዲት ጠብታ ወለሉ ላይ ወደቀች።

ማክሰኞ ጠዋት ስምንቱ ሴቶች ደጅ ለደጅ ተጠራሩ፤ ያኔ ነው ጉዱ የወጣው። ስምንቱም ስብሰባ ከሄዱ ስምንቱን ሽማግሌና አሮጊት ማን ሊጠብቅ ነው? በተራ የሚጠብቋቸውማ እነሱው ራሳቸው ነበሩ። ዘሀራ አለቀሰች። ጵርስቅላ ግን አሰበች፤ ስታስብ ደግሞ ለሰፈሩ ያስፈራል።

«ይዘናቸው እንሂድ» አለች። «ገነቴ፣ ቅቤውን ያዢ።»

«ለስብሰባ ቅቤ?»

«ያዢ አልኩሽ እኮ!»

ሆሳዕና እንዲህ ያለ ሰልፍ በመስከረም ሁለቱ የአብዮት በዓልም አላየችም። የዘሀራ እናት በከማል ሻይ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተኝተው፣ ወንበሩን አራት ሻይ ጠጪዎች ተሸክመውታል፤ የቀሩት ደንበኞች መቀመጫ ስላጡ ተከትለው መጡ። የጵርስቅላ አማት በአንድ ጎረምሳ ጀርባ ታዝለው መንገዱን፣ ድንጋዩን፣ ጎረምሳውንም ይሳደባሉ። ከኋላ አባባ ሎምበሶ የገነቴን ቀኝ አንጓ ይዘው ቀስ ብለው ይራመዳሉ፤ በግራ ክንዷ ቅቤውን አቅፋለች።

አዳራሹ ሞላ። በሩ ላይ አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ይዞ ቆመ፤ ስብሰባው ሳያልቅ መውጣት ክልክል ነው። ጓድ አክሊሉ መድረኩ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ሲያይ ስምንት ሴቶችን ፈልጎ የሆስፒታል ክፍል አገኘ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«በአካል ቅረቡ ብለውን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለች ጵርስቅላ። «አካላችን ይኸው ነው።»

መፈክር ተባለ። ሁሉም ግራ እጁን አንስቶ «አብዮታዊት እናት አገር ወይም ሞት!» ሲል የጵርስቅላ አማት «ማን ሞተ?» ብለው ደንግጠው ማልቀስ ጀመሩ፤ እስኪያባብሏቸው ሩብ ሰዓት ሄደ። የመጀመሪያው አጀንዳ የዓለም ሁኔታ ነበር፤ ዓለም ሰፊ ስለሆነች አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀች። ሁለተኛው የአገር ሁኔታ አንድ ሰዓት። ገነቴ በመስኮቱ የሰይድን መኪና ታያለች። ሰይድ ከመኪናዋ ሥር ገብቷል፤ እግሩ ብቻ ይታያል። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ካልተነሳች ሳይመሽ ዳምቦያ አትደርስም።

በመጨረሻ ዊጆው ተመዘገበ። «ለሊቀመንበርነት ጓዲት ገነቴን እጠቁማለሁ» አለ ጓድ አክሊሉ። «የምትቃወም እጇን ታንሳ።»

ገነቴ መቃወም ፈለገች። ቀኝ እጇ ተይዟል። ግራ እጇ ቅቤ ታቅፏል። ብታስቀምጠው ይፈስሳል።

«ተቃውሞ የለም። በሙሉ ድምፅ ተመርጣለች!» ብሎ አጨበጨበ። ከመድረኩ ወርዶም ሊጨብጣት ቀኝ እጁን ዘረጋ። እጇን የያዙትን ሽማግሌ አየና በግራው ጣታቸውን ሊያላቅቅ ጎንበስ አለ። «አባባ፣ አንዴ ይልቀቋት። የኮሚቴ ሊቀመንበር ሆናለች።»

አባባ ሎምበሶ ቀና አሉ። ካኪ ልብስ አዩ። ቆብ አዩ። ቆቡ ላይ ያለውን ብረት አዩ። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ነቅተው ሳሉ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ የገነቴን እጅ ለቀቁ። የጓድ አክሊሉን ግራ አንጓ ያዙ።

«ተረፈ!» አሉ። «መጣህ?»

ሰዉ ሁሉ ከወንበሩ ብድግ አለ። የጵርስቅላ አማት እንኳ ስድባቸውን አቋረጡ።

«ተረፈ አይደለሁም፣ አባባ» አለ ጓድ አክሊሉ፤ እጁን ሳብ አደረገ። እጁ አልመጣም። ደግሞ ሳበ። አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ መጥቶ ከወገቡ ያዘውና ጎተተው፤ ሽማግሌውና ሊቀመንበሩ እንደ ተሳቢ መኪና አንድ ላይ መጡ።

«ኧረ አይጎትቱ!» ብላ ጮኸች ዘሀራ። «ወላሂ ሲጎተቱ ይብስባቸዋል። እስኪተኙ መጠበቅ ነው።»

«መቼ ነው የሚተኙት?»

«አንዳንዴ ቅዳሜ።»

ጵርስቅላ ከደረቷ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ተረካቢ የለም ብለው ነበር፣ ጓድ ሊቀመንበር። ይኸው ተረክበዋል። ቀኝ እጅዎም ለመፈረም ነፃ ነው።»

«እኔ? እንዴት ተደርጎ?»

«እምቢ ካሉ ወጥተን እንተዎታለን። ስብሰባው አልቋል አይደል?»

ጓድ አክሊሉ በአዳራሹ ያለውን ሕዝብ አየ። ሕዝቡ ሳቁን በሁለት እጁ አፍኖ ይዞታል፤ አንድ ጣት ቢያመልጥ ጣሪያው ይነሳል። ፈረመ። ሥራውን ስለሚወድ በራሱ ጽሕፈት «እስከ ረቡዕ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት» የሚል ጨመረበት።

ገነቴ ወረቀቱን ተቀብላ አልተንቀሳቀሰችም። ባዶ አንጓዋን ታያለች። አማቷን ታያለች፤ አማቷ ግን እሷን አያዩም፤ የጓድ አክሊሉን ፊት እያዩ ፈገግ ይላሉ። ስድስት ዓመት የለመነችው ይህንን ነበር፤ አሁን እጇ ብርድ ብርድ አለው።

«ሂጂ እንጂ!» ብላ ዘሀራ ከኋላዋ ገፋቻት። «ሰይድ ሞተሩን አስነስቷል! ካጠፋው እስከ ከርሞ አይነሳም!»

መንገዱ ሁሉ ዳገት ነበር፤ ቁልቁለቱም ጭምር። ሰይድ መሪውን በሁለት እጁ አንቆ እንዳትቆም መኪናዋን ይለማመን ነበር። ገነቴ ዶዮገና እስኪደርሱ ቀኝ አንጓዋን በግራ እጇ ይዛ ነበር የተቀመጠችው። ሰይድ አይቶ ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

ዳምቦያ ሲደርሱ ጣቢታ እናቷን አይታ ሻሿን በራሷ እጅ ፈታች። ገነቴ ቅቤውን አናቷ ላይ አደረገች፤ በሁለት እጇ። የልጇን ራስ በሁለት እጇ ከያዘች ስንት ዓመቷ! ሕፃኑን ሲሰጧት አመልካች ጣቷን ጨበጠ። ገነቴ ደነገጠች።

«ይሄም የቅድመ አያቱ እጅ አለው» አለች። ጣቢታ ሳቀች፤ ገነቴ ግን በሩ በየት በኩል እንደሆነ ዞር ብላ አየች።

ረቡዕ ጠዋት ጣቢታ አልጋው ላይ ሆና እንዲህ አለቻት፦ «እማዬ፣ አትመለሺ። ከእኛ ጋር ነይ።»

«ይለፌ እስከ ዛሬ ማታ ነው።»

«ኤሊያስ የቤተሰብ ወረቀት አለው፤ እንጽፍሻለን። ኢሉባቦር ማንም አይጠይቅሽም። ማንም አይይዝሽም።»

ገነቴ ሕፃኑን አወዛወዘች። በደጅ ሰይድ መኪናዋን ሲገፋ ይሰማል።

«አያትሽስ?»

«ዊጆዎቹ አሉ አይደል?»

«ዊጆ ከሰዓት በኋላ ነው የሚሰጥ፣ ልጄ። ከዚያ በላይ ከወሰድኩ የጵርስቅላን ዕድሜ መውሰዴ ነው፤ የዘሀራን።» ሕፃኑን መለሰችላት። ጣቱን ማላቀቅ አስቸገራት፤ አንድ በአንድ አላቀቀችው፣ ታውቅበታለች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቤቷ ስትደርስ ጓድ አክሊሉ በእሷ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ግራ እጁ እዚያው እጅ ውስጥ ነው። ቆቡ አባባ ሎምበሶ ራስ ላይ ነው። ባለጉዳዮች ወረቀት ይዘው እደጁ ተሰልፈዋል፤ ጵርስቅላ በማንኪያ ገንፎ ታጎርሰዋለች። ፊቱ በአንድ ቀን ተኩል ስድስት ዓመት ሆኖታል።

«‹መጣሁ፣ አባባ› አልኳቸው» አለ ለገነቴ፣ ቀስ ብሎ። «በየሩብ ሰዓቱ ይጠይቃሉ። ‹ነገ› ማለት አልቻልኩም።»

ገነቴ ጎኑ ተቀምጣ አንጓዋን አስጠጋች። ሽማግሌው አዩዋት፤ ሊቀመንበሩን አዩ።

«ተረፈ ሊሄድ ነው» አሉ። «አንቺ ተቀመጪ።»

ለቀቁት። ያዟት።

ሐሙስ ወሬው ወፍሮ ተመለሰ። ሊቀመንበሩ አልጠላውም፤ ከአውራጃ ደውለው ሁለት ቀን ሥራ ገበታው ላይ ያልተገኘበትን ምክንያት ጠይቀውታል። «በአንድ ሽማግሌ ተማርኬ ነበር» ተብሎ አይጻፍም። ቅዳሜ ለሂስና ግለ ሂስ ሕዝቡን ሰብስቦ ያዘጋጀውን ሪፖርት አነበበ፦ ጓዲት ገነቴ ኃላፊነቷን ጥላ ስለኮበለለች፣ ሊቀመንበሩ በአብዮታዊ ቆራጥነት ሽማግሌውን ተረክቧል። ዊጆ የተባለው ማኅበርም ለኩብለላ መሣሪያ ስለሆነ ይፈርሳል።

«ጥፋትሽን አምነሽ ፈርሚ» አላት። ዓይኗን ግን አላየም።

የከማል ደንበኞች ከወንበራቸው ጫፍ ደረሱ። ከፈረመች ወሬው እውነት ይሆናል፤ ዊጆው ደግሞ ዛሬውኑ ያልቃል።

«እኔ ብሆን በደስታ እፈርማለሁ» አለች ጵርስቅላ በሹክሹክታ። «ሻሸመኔ፣ ፎቅ፣ የወርቅ ጥርስ... ምን ይጎድለዋል?»

ገነቴ ተነሳች። አባባ ሎምበሶም አብረዋት ተነሱ።

«አልፈርምም፤ አልኮበለልኩም» አለች። «ሰይድ አላቀፈኝም፤ ሁለቱም እጁ መሪው ላይ ነበር። በመንገድ አልሳቅንም። ሻሸመኔን በዓይኔ አላየሁም። ጥርሴ ይኸው፣ የእናቴ ነው። ቅቤው ልጄ አናት ላይ ነው። አማቴን አልጣልኳቸውም፤ ለእርስዎ ነው ያስረከብኳቸው፣ ጓድ ሊቀመንበር፣ ፊርማዎ እጄ ላይ ነው። ረቡዕ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ብለው ጻፉ፤ እኔ ከዚያ በፊት ቤቴ ነበርኩ። የተባለው ሁሉ ውሸት ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዱም አልሆነም።»